የልብስ ሰፊው አስተያየት

ጥቅምት 12

ልጄ ፌንጣዬ፣

በሰላም መግባትሽን ከአውቶቡሱ ሹፌር ሰማሁ፤ ያንቺ ደብዳቤ የደረሰኝ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። እኛ ደህና ነን። እትዬሽ ጉልበቴን ትላለች እንጂ አፏ ምንም አልሆነም።

ደክሞህ ይሆን ብለሽ የጠየቅሽኝን ተዪው። ምን ያደክመኛል? ስድሳ ሦስት ዓመት ስኖር አስተያየቴን የጠየቀኝ ሰው የለም። አንቺ የሕዝብ አስተያየት ልሰብስብ ብለሽ አርባ ጥያቄ ባንድ ከሰዓት ስትደረድሪልኝ የተሾምኩ መሰለኝ። እትዬሽ ከጓዳ ሆና "ይሄ ሰውዬ ይህን ሁሉ ነገር ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው ከኔ ጋር ዝም ብሎ ራት የሚበላው?" ስትል ሰምተሻታል አይደል? እስካሁን ትስቃለች። አንቺም ሰሌዳሽን ጭንሽ ላይ አስደግፈሽ፣ እንደ ዳኛ ኮስተር ብለሽ "አጎቴ መሆንህን ለጊዜው እንርሳው" ስትዪኝ ሳቄን የዋጥኩት በግድ ነው። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እዚያው አግዳሚ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለቅሚ ያደግሽ ልጅ፣ እንዴት ብዬ ነው የምረሳው?

በስልክ እንነጋገር ያልሽው አይሆንም። ጆሮዬን ይህች የስፌት ማሽን በልታዋለች። ስትደውዪ ንብ የገባበት ጣሳ ነው የምትመስዪኝ። ጻፊልኝ።

የሒሳብ መምህርሽ ሰላም ብሎሻል። አመሻሹ ላይ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እንደ ልማዱ ብቅ ይላል፤ አንዷን ጋዜጣ ለሁለት ተካፍለን እናነባለን፣ ከዚያ እንጨቃጨቃለን። እሱ መንግሥት ይቀየር ባይ ነው። እኔ ደግሞ እስቲ የሚመጡትን አሳየኝ ባይ ነኝ። ጥያቄ ይዘሽ መምጣትሽን ስነግረው "ያስተማርኳት ፐርሰንት ደሞዝተኛ አደረጋት በለኛ!" ብሎ ደስ አለው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ያ ሁሉ የለፈለፍኩት የት ነው የሚገባው? የሚያነበው ሰው አለ?

አጎትሽ

*

ህዳር 3

ጋሼ፣

እንዴት ሰነበታችሁ? የእትዬን ጉልበት አደራ፣ ደረጃ አታስወጣት።

የት ይገባል ላልከው፣ ገባልህ! ሁለት ሺህ ሰው ጠይቀን ውጤቱ ባለፈው ሰኞ ወጣ። ኃላፊዬ ረቂቁን ሲያነብ አንድ ገጽ ላይ ቆመና "ይህን ማን ነው ያመጣው?" አለ። እጄን አወጣሁ፣ ልክ እንደ ተማሪ። ከሰንጠረዦቹ መሐል በሳጥን አድርጎ ብቻውን አስቀመጠው። ቃሉ እንዲህ ይላል፦

"እኔ ፐርሰንት አላውቅም፣ ወገብ ነው የማውቀው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሱሪ ሳጠብብ እንጂ ሳሰፋ አልዋልኩም። አንድ የሒሳብ መምህር አለ፣ አንዱኑ ሱሪ በዓመት ሦስቴ አጥብቤለታለሁ። ምሳ መብላት ትቷል፤ ቤቱ አያውቅም።"

ስምህ የለበትም፣ አይዞህ፤ ደንባችን ነው። "ከአውቶቡስ መናኸሪያ ጀርባ የሚሠራ የስድሳ ሦስት ዓመት ልብስ ሰፊ" ብቻ ነው የሚለው። ከሥሩም የከተማው ስም አለ። ስለ ተቃዋሚዎቹ የተናገርከው፣ "እነሱም ቢመጡ መቀሱ እጅ ይቀይራል እንጂ ጨርቁ ያው ነው" ያልከው፣ ቦታ ጠቦ ወጣ። አዘንኩ፤ እሱ ነበር ያሳቀኝ።

ሁለት ጋዜጦች ሳጥኑን እንዳለ አንሥተው የፊት ገጻቸው ላይ አወጡት። እኔም ከመጪው ወር ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ። ባንተ አፍ ተቀጠርኩ ማለት ነው።

ጋዜጣው እዚያ ደረሰ? ሰው ምን አለ? መምህሩስ አነበቡት?

ፌንጣህ

*

ህዳር 28

ልጄ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅር በዪኝ። ጣቴን መርፌ ወግቶኝ ነበር፤ አሁን ድኗል።

ቋሚ መሆንሽን ስነግራት እትዬሽ እልልታውን ስታቀልጠው ጎረቤት ምን መጣ ብሎ በር ከፈተ። እሰይ፣ የኔ ልጅ። የወንበርሽን መደገፊያ አስተካክዪ፤ ጎንበስ ብሎ መዋል ጀርባ ይጨርሳል። ይህን ከኔ ስሚ።

ጋዜጣው ደርሷል። አዎ፣ አይተነዋል። ሰው ምን አለ ላልሽው፣ ሰው መቼም የሚለው አያጣም። የተቃዋሚዎቹ ወጣቶች "ወገብ ነው የማውቀው" ያልኳትን በትልቁ አሳትመው በየግድግዳው ለጥፈዋታል። አንዷን የኔው በር ላይ ለጥፈውብኝ በውሃ እያራስኩ ስፍቅ ዋልኩ። ሙጫቸው ግን ጥሩ ነው፤ አገሩን እንዲህ ካጣበቁት ይበጃል።

በዚህ ሰሞን ሥራው ረገብ ስላለ መደርደሪያውን ቀለም ቀባሁት። እትዬሽ ወደድኩት አለች። መምህሩም ደህና ነው መሰለኝ።

የላክሽልን ሹራብ ደርሶናል። ብዙ አታስቢ። ብርድ ነው፣ ደርበሽ ውጪ።

አጎትሽ

*

ታህሳስ 11

ጋሼ፣

"ደህና ነው መሰለኝ" ማለት ምን ማለት ነው? በየቀኑ አመሻሽ ላይ አግዳሚህ ላይ የሚቀመጡ ሰው እንዴት ነው መሰለኝ የሚባሉት?

ሌላም አለ። ለከርሞ የሚሆነው የተማሪዎች ዩኒፎርም ጨርቅ ከከተማው አስተዳደር የሚመጣው እኮ በህዳር ነው። አምና ይህን ጊዜ ሰማያዊው ጨርቅ ጣሪያ ነክቶ፣ እትዬ ቁልፍ ስትተክል ጣቷ አብጦ፣ አንተ ደግሞ ለኔ ሁለት መስመር መጻፊያ ጊዜ አጥተህ ነበር። ዘንድሮ መደርደሪያ ቀለም ትቀባለህ። ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነበው ያለው ሳይሆን የሌለው ነው የሚታየኝ።

እዚህ ነገሩ ሁሉ ጩኸት ነው። ምርጫው ሲቀርብ ስልካችን አያርፍም፤ ሁሉም የራሱን ቁጥር ብቻ ነው መስማት የሚፈልገው። ባለፈው ታክሲ ውስጥ አንድ ተወዳዳሪ በሬዲዮ "እኔ ወገብ ነው የማውቀው" ሲል ሰማሁት። የራሱ አስመስሎ። ተሳፋሪው ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። "የአጎቴ ነው!" ልል ትንሽ ነው የቀረኝ። ወዲያው የመንግሥት ቃል አቀባይ ቀረበና "እንዲህ የሚባል ልብስ ሰፊ የለም፣ የፈጠራ ሰው ነው" አለ። ሳቄ እዚያው ደረቀ። ወርጄ በእግሬ ገባሁ።

እውነቱን ጻፍልኝ። እንደ ልጅ አታባብለኝ።

ፌንጣህ

*

ጥር 2

ልጄ፣

"እንደ ልጅ አታባብለኝ" ያልሽውን እትዬሽ ሦስቴ ጮክ ብላ አነበበችልኝና "ካልጻፍክላት እኔ እጽፋለሁ" አለች። የሷን ብዕር ስለምፈራ ይኸው።

የዩኒፎርሙ ሥራ ለሌላ ተሰጥቷል። ከከተማው አስተዳደር አንድ ጸሐፊ መጥቶ ናሙናውን ወሰደ። ክፉ አልተናገረኝም፤ "ዘንድሮ ዕድሉ ለሌሎችም ይዳረስ ተብሏል" ብሎ፣ እግረ መንገዱን የኮቱን ቁልፍ አስተክሎ ሄደ። ለዚህ አላለቅስም። ሥራ ይሄዳል፣ ይመጣል። የሚጠበብ ሱሪ ደግሞ አልጠፋም።

የከነከነኝ የመምህሩ ነገር ነው። ስም አልተጻፈም አልሽኝ። እውነትሽን ነው። ግን በዚህ ከተማ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ልብስ ሰፊ አንድ ነው፤ እሱ ዘንድ የሚያመሽ የሒሳብ መምህርም አንድ ነው። ጋዜጣው በገባ በማግስቱ ተማሪዎቹ ሰሌዳው ላይ ሱሪ ስለው ከሥሩ "ሲቀነስ፣ ሲቀነስ፣ ሲቀነስ" ብለው ጽፈው ጠበቁት። ልጆች ናቸው፣ ይስቃሉ። እሱም ሰሌዳውን ጠርጎ አስተምሯል አሉ። ከዚያ ግን አንዲት እናት በልጇ እጅ በክዳን ሳህን ምሳ ላከችለት። ክፍል ውስጥ፣ ልጆቹ ሁሉ እያዩ። ርእሰ መምህሩም ጠርቶ "የመንግሥት ሠራተኛ ሆነህ ተራብኩ ብለህ ለጋዜጣ ታወራለህ?" አለው።

ባለቤቱም ያወቀችው ከጋዜጣ ነው። ምሳውን ትምህርት ቤት የሚበላ ይመስላት ነበር።

በእኩለ ቀን መጣ። በዚያ ሰዓት መጥቶ አያውቅም።

"ተቀመጥ እንጂ" አልኩት።

"ቆሜ ነው የምናገረው።"

"ምን ሆንክ?"

"ሠላሳ ዓመት እዚህ መጋረጃ ጀርባ ሱሪዬን አውልቄ ባንተ ፊት ቆሜያለሁ" አለኝ። "ባንተ ፊት ብቻ የቆምኩ መስሎኝ። ለካ አገር ያየኛል።"

"ስምህን አልጠራሁም እኮ ወንድሜ።"

"ልኬን ጠርተሃል" አለኝ። ቀጥሎም፣ "ለሚስቴ ያልነገርኳትን ላንተ የነገርኩህ የምትስቅብኝ ሰው ስላልሆንክ ነበር። አሁንም አልሳቅክም። አወራኸው" አለኝ። ወጣ። በሩን እንኳ አላላተመውም፤ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ያ ነው የገደለኝ። እስካሁን አልመጣም።

ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ያንን ስነግርሽ "ይህን አትጻፊ" ማለት ነበረብኝ፤ ወሬው ሲጥመኝ ረሳሁት። የሽማግሌ አፍ ክዳን የለውም። እንዳታለቅሺ።

አጎትሽ

*

ጥር 14

ጋሼ፣

ማለቱን አልረሳህም።

ማሽኑን አቆምክ። መነጽርህን ወደ ግንባርህ ገፋ አድርገህ "ይህችን ግን አትጻፊያት፣ ያንቺና የኔ ትሁን" አልከኝ። እኔም ብዕሬን ሰሌዳው ላይ አጋድሜ "እሺ ጋሼ" አልኩ። አንተም አይተህ አመንከኝና ማሽኑን ቀጠልክ። ያደርኩበት ሆቴል ገብቼ ቃል በቃል ጻፍኳት።

ለምን እንደሆነ ደጋግሜ ራሴን ጠይቄያለሁ። በዚያ ሳምንት ሠላሳ ሰው ሳነጋግር ሁሉም ያሉኝ "ኑሮ ከበደ" ነበር። ኑሮ ከበደን ማንም አያነበውም፤ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። የመምህሩ ነገር ግን እንደሚነበብ አውቄያለሁ። ለራሴ "ስም የለውም" አልኩ። "ለእሳቸውም ይበጃል፣ የሚመለከተው አካል ይስማ" አልኩ። ውሸቴን ነው። ቋሚ መሆን ፈልጌ ነበር። ስጽፈውም አልከበደኝም፤ ደስ ብሎኝ ነበር የጻፍኩት። ይህን ነው እስካሁን ላንተ መናገር ያቃተኝ።

ኃላፊዬን ከሪፖርቱ ይውጣልኝ አልኩት። "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" አለኝ። የውጣልኝ ማመልከቻዬንም ሳያነበው መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ለመምህሩ የይቅርታ ደብዳቤ ላክሁ። ሳይከፈት ተመለሰ። ፖስታው ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ለላኪዋ ይመለስ" ብለዋል። የእሳቸውን ጽሕፈት አጣዋለሁ እንዴ? አድራሻው ላይ ስቸኩል "ትምርት ቤት" ብዬ የጻፍኩትንም "ህ" አስገብተው አርመውልኛል። እሱን አይቼ ቢሮ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ ፊት የለኝም። "ረሳሁት" ያልከውን ግን ሁለተኛ አትበልልኝ።

ልጅህ

*

የካቲት 20

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ጮክ ብላ የምታነብልን እትዬሽ ናት፤ ይህን ግን መነጽር በመነጽር ደርቤ ለብቻዬ አነበብኩት። እሷ ለካ ከትራሴ ሥር አውጥታ አንብባው ኖሯል።

"አትጻፊያት" ማለቴን አውቃለሁ። ለወሬ ብዬ ማሽን አቁሜ ስለማላውቅ ያንን ቀን ማቆሜን አልረሳውም። ረሳሁት ያልኩሽ አንቺም እንድትረሺው ብዬ ነበር። ተቀይሜሻለሁ፣ አልዋሽሽም። ከወር በላይ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው። ይህን ሰሞን ቅያሜው ራሱ ደከመው። ደግሞስ ልጄ ነሽ፣ ወዴት እጥልሻለሁ? እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። "ያንቺና የኔ ትሁን" ብዬ የሰጠሁሽ ነገር እኮ የኔ አልነበረም፤ የሱና የኔ ነበር። አንቺ የኔን አወጣሽ፣ እኔ የሱን።

ምርጫው እንደሆነ፣ እዚህ ያለ ኮሽታ አለቀ። ወረፋው ረጅም ነበር። እትዬሽ "ለስኳር እንዲህ ተሰልፈን በመጨረሻ ስኳሩ አለቀ ተብለናል" እያለች ሰዉን ስታስቅ ነበር። የምንመርጥበት ክፍል የትምህርት ቤቱ ነው። በሩ ላይ ስደርስ መዝገቡን ይዞ የተቀመጠው መምህሩ ሆኖ አገኘሁት። መስመር እንዳይስት ማስመሪያ መዝገቡ ላይ አጋድሟል።

"ስም?" አለኝ።

ቀና ብሎ አይቶኛል እኮ! አፍንጫ ለአፍንጫ ነን። ያሾፈ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ጠበቀኝ። ከኋላዬ ሰው አለ። ስሜን ከነአባቴ ነገርኩት።

"ዕድሜ?"

"ስድሳ ሦስት።"

"ሥራ?"

ልጄ፣ ለብሶት የተቀመጠውን ኮት የሰፋሁት እኔ ነኝ። "ልብስ ሰፊ" አልኩት። ማስመሪያውን ስሜ ሥር አሳረፈና "እዚህ ላይ ይፈርሙ" አለኝ።

ይፈርሙ! ሠላሳ ዓመት "አንተ ደረቅ" ሲለኝ የኖረ ሰው አንቱ አለኝ። ፊርማዬ የኔ አልመሰለም። አንድ ጊዜ ቢሰድበኝ ኖሮ ታርቀን ነበር። አንቱ ያለ ሰው ምን ተብሎ ይታረቃል?

ወረቀቴን ይዤ መጋረጃው ውስጥ ገባሁ። ስልክ የማይሰማው ጆሮዬ ከውጭ "ስም? ስም?" የሚለውን የሱን ድምፅ ጥርት አድርጎ ይሰማል። እንዴት እንደማስብ ታውቂያለሽ፣ አርባ ጥያቄ ጠይቀሽኛል። የኔን ሐሳብ ትቼ እሱ የሚከራከርላቸውን ተቃዋሚዎች መረጥኩ። ሌላ የማደርግለት ነገር አጣሁ። እሱ ግን ይህን አያውቅም፤ ድምፅ ምስጢር ነው አይደል የሚባለው?

አጎትሽ

*

መጋቢት 8

ጋሼ፣

ደብዳቤህን ይዤ ነው የሰነበትኩት። ቦርሳዬ ውስጥ እያጣጠፍኩ እያወጣሁ መታጠፊያው ሊቀደድ ደርሷል።

ውጤቱን ሰምታችኋል፣ በሥልጣን ያሉት ቀጠሉ። የኛ ትንበያ የሳተው በሁለት ነጥብ ብቻ ነው፤ ቢሮው ኬክ ቆረጠ። ኃላፊዬ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት "ወገብ ነው የማውቀው" ብሎ ብርጭቆ አነሣልኝ። አጨበጨቡ። ቁራሹን ኬክ ይዤ መጸዳጃ ቤት ገባሁ፣ እዚያው ቆየሁ።

ከምርጫ በኋላ ያለውን ስሜት የሚለካ አዲስ ዙር ሊጀመር ነው። የመስክ ቡድን መሪ ሁኚ ተብያለሁ። ወደ እናንተ ከተማ እንዳትልኩኝ አልኳቸውና ሌላ ልጅ ተመደበች። የመልቀቂያ ደብዳቤም ጽፌያለሁ። ገና አልሰጠሁም። ልልቀቅ ወይ? ንገረኝ።

የመምህሩስ ነገር? ፈቃድ ወስጄ ልምጣና ደጃቸው ላይ ልቁም? ባያናግሩኝም ልቁም።

ልጅህ

*

ሚያዝያ 2

ልጄ፣

ለሱ ብለሽ አትምጪ፤ የለም። ዝውውር ጠይቆ ተፈቅዶለት ባለፈው ሐሙስ ሄደ። ዕቃቸው አውቶቡስ ላይ ሲጫን ከማሽኔ ሆኜ በመስኮት አየሁ። ሁለቴ ተነሣሁ፣ ሁለቴ ተቀመጥኩ። ምን ልበለው? ሦስተኛውን ስነሣ አውቶቡሱ ወጥቷል፤ የቀረው አቧራው ነው። እትዬሽ ግን ወጥታ ባለቤቱን አቅፋ ተሰናበተቻት። ባለቤቱም "እዚያ ማንም አያውቀንም፣ ይሻለዋል" አለቻት። ስለኔ ምንም አላነሣችም፤ ክፉም ደግም። እትዬሽ ይህን ስትነግረኝ ድስቱን እያየች ነበር፣ እኔን አላየችኝም።

አመሻሽ ላይ አግዳሚው ባዶ ሲሆን ስለሚያስከፋኝ የተሰፋ ልብስ ከምሬበታለሁ።

ስለ ሥራሽ፣ አትልቀቂ። አንቺ ብትወጪ ወንበሩ ባዶ አይውልም፤ ይህ ያልደረሰባት ሌላ ልጅ ትቀመጥበታለች። አንቺ ቢያንስ ሰው "አትጻፊ" ሲልሽ ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቂያለሽ። መምጣት ግን ነይ፤ ሰሌዳ ሳትይዢ። እትዬሽ ክፍልሽን ጠርጋለች።

ያ አዲሱ ዙር ያልሽውም እኛ ዘንድ ደርሷል። ማክሰኞ አንዲት ልጅ መጣች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። አንቺን ታውቅሽ እንደሆነ አልጠየቅኋትም፣ እሷም እኔን አላወቀችኝም። ልብሱን ገፋ አድርጌ አስቀመጥኳትና ውሃ ሰጠኋት።

"ኑሮዎ ካምናው ተሻለ፣ ባሰ ወይስ ያው ነው?" አለችኝ።

የምለው ነበረኝ። እንደውም ብዙ ነበረኝ፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

"አስተያየት የለኝም" አልኳት።

"ስለ ምርጫው ውጤትስ?"

"አስተያየት የለኝም።"

"ስለ ዋጋ ንረቱ እንኳ?"

"የለኝም ልጄ።"

አርባውንም እንዲሁ። እትዬሽ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና ተመለሰች። ልጅቷ ወረቀቷን ስትሰበስብ "አባባ፣ አስቸገርኩዎት መሰለኝ" አለች። አሳዘነችኝ። የከፋት በኔ ሳይሆን በራሷ ነው፤ አጠያየቋ ያልጣመኝ መስሏታል። እስከ በሩ ሸኘኋት።

ውጤቱ አንቺው ጠረጴዛ ላይ ይመጣል አይደል? ከሰንጠረዡ ሥር፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ አስተያየት የሌላቸው ሰዎች ቁጥር አለ። አንዱ እኔ ነኝ።

አጎትሽ